ከነፋስ ስልክ እስከ ገመድ አልባ ካርድ፤ የመሣሪያ ባለቤትነት ታሪክ ከይፋግ ሲታይ

መግቢያ

በአገራችን ስለ መገናኛ የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የመንግሥት ታሪክ ነው። መሥመሩ መቼ ተዘረጋ፣ ውሉን ማን ፈረመ፣ ጣቢያው በማን ዘመን ተመረቀ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በቂ መልስ አግኝተዋል ባይባልም ቢያንስ ተጠይቀዋል። እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ወይም አንድ ሕዝብ በእጁ የገባውን መሣሪያ «የእኔ ነው» ለማለት የሚችለው መቼ ነው የሚለው ነው። ዋጋውን ከፍሎ በገዛው ጊዜ ነውን? ወደ ቤቱ አስገብቶ በተጠቀመበት ጊዜ ነውን? ወይስ ቢበላሽ ለመጠገን፣ ቢዘጋ ለመክፈት፣ አሠራሩንም ለጎረቤቱ ለማስረዳት በቻለ ጊዜ ነው?

እኛ ይህን ትልቅ ጥያቄ የምንመረምረው በአንድ ትንሽ ነገር አማካይነት ነው። ነገሩ ከኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ስፋቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ የገመድ አልባ መገናኛ ካርድ ነው። ይህ ካርድ ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ጀማሪውን ሰው በማስቸገር ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነበር። ችግሩ ከየት እንደ መጣ፣ በነማን ድካም እንደ ቀለለ፣ የቀረውስ ምን እንደ ሆነ እንገልጻለን። የምንመለከትበትንም ቦታ ይፋግን አድርገናል።

አንባቢ «ይህ የታሪክ ጉዳይ ነውን? የጥገና ሠራተኛ ጉዳይ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር በዘመናቸው የዕለት ተዕለት ዕቃ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ያለ እነርሱ የበጌምድርን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። የዛሬም የዕለት ዕቃ ነገ እንዲሁ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከሚል ምልክት ጋር የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ዓ.ም. የሚሉት በእኛ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

1ኛ፤ የይፋግ ገበያና የነጋዴው ዓይን

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው አገር የምትገኝ ናት። ዛሬ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ትንሽ ከተማ ብሎ ያልፋታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በጌምድር ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ እንደ ነበረች የዚያን ዘመን መንገደኞች መስክረዋል። ከሰሜን የሚመጣው ጨው፣ ከደቡብ የሚመጣው ቡና፣ የፎገራ ሜዳ ከብትና እህል፣ ከባሕር ማዶም የመጣው ጨርቅ በዚያ አካባቢ ይገናኙ ነበር። የደሪጣ ነጋዴዎች መንደርም ከይፋግ ሩቅ አልነበረም።

ያ ገበያ ዕቃ ብቻ የሚለዋወጥበት አልነበረም፤ ወሬም የሚለዋወጥበት ነበር። ሽቦም ሆነ ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የጎንደርን ነገር ለጎጃም፣ የጎጃምን ነገር ለትግሬ የሚያደርሰው የሲራራ ነጋዴ ነው። እንግዲህ ይፋግን በዛሬው አነጋገር የመገናኛ ማእከል ብንላት ከእውነት አንርቅም። ይህ መገናኛ ያለ ሽቦ የሚሠራ ነበር፤ ነገር ግን በየኬላው ይቆማል፤ ቀረጥ ይከፍላል፤ ይለፍ ካላገኘም አያልፍም።

ከዚያ ገበያ ለዚህ ጥናት የምንወስደው አንድ ልማድ አለ። ነጋዴው የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበል «ብር ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቍዎችና በትከሻዋ ያለውን ጌጥ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ምልክቱ የጠፋበትን ወይም የተፋቀውን ይመልሳል። አሞሌውንም እንደዚሁ ጠርዙ የተሸረፈ እንደ ሆነ ዋጋውን ይቀንሰዋል። የማያነብ ሰው እንኳ ምልክት ማንበብ ያውቅ ነበር። ይህን ልማድ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2ኛ፤ ነፋስ ስልክ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የአገራችንም የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መነሻ እ.ኤ.አ. 1894 ተብሎ ይቈጠራል። ጥቂት ቈይቶ፣ ማለትም በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ዓመት፣ ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ያለ ሽቦ ምልክት የሚያስተላልፍበትን ዘዴ ለማስመዝገብ ለንደን ላይ ማመልከቻውን አቀረበ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአርባ ዓመት በኋላ የተገናኙበት ሁኔታ አጋጣሚ አልነበረም።

ሽቦ የሌለው መገናኛ ወደ አገራችን በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ «ነፋስ ስልክ» አለው። በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሰፈር እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ከየትኛውም የውጭ ቃል ያልተተረጐመ፣ የነገሩን ጠባይ የሚገልጽ ነው፤ ስልኩን የሚሸከመው ሽቦ ሳይሆን ነፋስ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣ ሕዝብ ነገሩን ቢያንስ በሐሳቡ የራሱ ለማድረግ የሞከረ ሕዝብ ነው።

በሐሳብ የራስ ማድረግና በእጅ የራስ ማድረግ ግን የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአቃቂ የተሠራውን የራዲዮ ጣቢያ የገነባው አንሳልዶ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1935 ለዓለም ሕዝብ የአገራቸውን አቤቱታ ባሰሙ ጊዜ ድምፃቸውን የተሸከመው መሣሪያ ከወራሪው አገር ፋብሪካ የመጣ ነበር። ዋናውም የምሕንድስና ሥራ በውጭ አገር ባለሙያዎች እጅ ይካሄድ ነበር። የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ድንበር አልፎ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይም አዲስ አበባን ያዘ። ለእኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አገሪቱ መሣሪያውን ገዝታ ነበር፤ ተጠቅማበትም ነበር፤ እውቀቱ ግን ከዕቃው ጋር በሳጥን ተጭኖ አልመጣም።

ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም የአገር ልጆችን በሙያው ማሠልጠን ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆነ። በዚህም እውቀቱ ከባዕድ እጅ ወደ አገር ልጅ እጅ መሸጋገር ያዘ። ይሁንና የተሸጋገረው ወደ መሥሪያ ቤት እንጂ ወደ እያንዳንዱ ተጠቃሚ አልነበረም። ስልኩ ቢበላሽ ባለቤቱ ሠራተኛ እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ ራሱ አይነካውም፤ እንዲነካውም አይፈቀድለትም ነበር።

3ኛ፤ የ1989 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች

በነሐሴ ወር 1983 ዓ.ም. በአገራችን መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለማንም የሚሆን ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ለመሰሎቹ አስታወቀ። «ለትርፍ ጊዜ የምሠራው ነው» ከማለት የራቀ ተስፋ አልሰጠም። ሥርዓቱ ሊኑክስ ተባለ። የዚህ ሥርዓት ልዩ ጠባይ ዋጋ አለመጠየቁ ብቻ አይደለም፤ የውስጥ ጽሑፉን ማንም ሰው ማንበብ፣ ማረም፣ ያረመውንም ለሌላ ማካፈል መቻሉ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ለጥናታችን የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በጥር ወር በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ተጀመረ። በሰኔ ወር ደግሞ ዛሬ ዋይፋይ የምንለው የገመድ አልባ መገናኛ ሕግ፣ ቁጥሩ 802.11 የሆነው፣ በአሜሪካ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ዘንድ ጸደቀ። በሁለቱ መካከል አምስት ወር ብቻ አለ። ስለዚህ ዋይፋይ ወደ እኛ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው የሚለው አነጋገር በከፊል ብቻ እውነት ነው። ኢንተርኔታችንና ዋይፋይ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ያደጉበት ቤት ግን አንድ አልሆነም።

የመጀመሪያው ሕግ በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 802.11ቢ ፍጥነቱን ወደ 11 ሜጋቢት አሳደገው። የሚጠቀምበት ማዕበል 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ አንዱ ማዕበል በርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለው ማዕበል በግንብና በቆርቆሮ ይደክማል፤ ባልተከለለ ሜዳ ላይ ግን ጥሩ ይሄዳል። የፎገራ ሜዳ ከርብና ከጉማራ ወንዞች አካባቢ እስከ ጣና ዳር ድረስ የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ስለ ሆነ ተፈጥሮው ለነፋስ ስልክ የሚመች ነው። እንግዲያስ ከታች የምንተርከው ችግር የመሬቱ አይደለም።

4ኛ፤ የድራይቨሩ ምስጢር

ካርድ ብቻውን አይሠራም። ኮምፒዩተሩ ካርዱን የሚያዝበት ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለብዙ ካርዶችም ከዚህ ሌላ ካርዱ ራሱ ሲነሣ የሚጭነው ፈርምዌር የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ድራይቨሩ የኮምፒዩተሩ ቋንቋ፣ ፈርምዌሩ የካርዱ ልብ ነው ብንል ያስኬዳል። ካርዱን የሚሠሩት ኩባንያዎች ሁለቱንም ለዊንዶውስ አዘጋጅተው በሲዲ ይሰጣሉ። ለሊኑክስ ግን ወይ አያዘጋጁም፣ ወይም የካርዱን አሠራር የሚገልጸውን ሰነድ ይደብቁ ነበር።

ስለ ምን ደበቁት? ምክንያታቸው አንድ አይደለም። ተወዳዳሪ እንዳይቀዳባቸው ይፈራሉ። ደግሞም የራዲዮ ማዕበል በየአገሩ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ፣ ተጠቃሚው ካርዱን ከተፈቀደው ኃይልና መሥመር ውጭ ቢያሠራው መንግሥታት እኛን ይጠይቁናል ይሉ ነበር። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የብዙ ሰዎችን ካርድ ዲዳ አድርጎ አስቀምጧል።

በመጀመሪያው ዘመን ለሊኑክስ የገመድ አልባ መገናኛ መሠረት ከጣሉት መካከል ዣን ቱሪል ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ካርዶችን ለማዘዝ የሚያገለግሉ የጋራ መሣሪያዎችን አዘጋጀ። ከዚያ ቀጥሎ ችግሩ የጠናው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያ ዓመት ኢንቴል ዋይፋይ አብሮት የተሠራ ሴንትሪኖ የሚባል የላፕቶፕ ዐይነት አወጣ፤ ላፕቶፑ ለሊኑክስ የሚሆን የዋይፋይ ድራይቨር ግን አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚዎች ሦስት ዐይነት መንገድ ያዙ።

የመጀመሪያው መንገድ ማስተርጐም ነው። ኤንዲአይኤስ ራፐር የተባለው ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር ወስዶ በሊኑክስ ውስጥ እንዲናገር ያደርገው ነበር። ይህ በአስተርጓሚ እንደ መነጋገር ነው፤ ነገሩ ይደርሳል፤ አስተርጓሚው ሲሳሳት ግን የተሳሳተው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛው መንገድ ኩባንያዎቹን መጠየቅና መወትወት ነው። ይህ መንገድ ቀስ በቀስ ፍሬ ሰጥቷል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር በግልጽ መሥራት ጀመረ፤ አተሮስ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከተለ፤ ብሮድኮም በ2002 ዓ.ም. ጳጉሜን ለአዳዲስ ካርዶቹ የሚሆን ግልጽ ድራይቨር አወጣ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የከበደው ነው። የብሮድኮም ካርድ ሰነድ ተሸሽጎ በነበረበት ጊዜ በጎ ፈቃደኞች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር መርምሮ ካርዱ እንዴት እንደሚታዘዝ በጽሑፍ ይገልጻል። ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ድራይቨር ፈጽሞ ሳያይ መግለጫውን ብቻ አንብቦ አዲስ ድራይቨር ይጽፋል። እንዲህ የተለያዩት «ሰረቃችሁ» እንዳይባሉ ነው። ሥራቸው በ1998 ዓ.ም. ወደ ሊኑክስ ገባ፤ ታርሞም ቢ43 በሚባል ስም በ2000 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በኢትዮጵያ ሚሌንየም ዓመት፣ ተተካ። በዚህ ሥራ ከተሳተፉት መካከል ላሪ ፊንገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በ2024 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የብዙ ካርዶችን ድራይቨር ሲያርም ኖሯል። በዓለም ዳርቻ ያለ አንድ ተማሪ ዛሬ ካርዱ ቢሠራለት የእነዚህን ሰዎች ስም አያውቅም፤ የታሪክ ጽሑፍ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ይሁን እንጂ የበጎ ፈቃደኞቹ ድል ሙሉ አልነበረም። ድራይቨሩ ነጻ ቢሆንም የድሮዎቹ የብሮድኮም ካርዶች ፈርምዌር የኩባንያው ንብረት ስለ ሆነ ከሊኑክስ ጋር አብሮ መታደል አልተፈቀደም። ተጠቃሚው ራሱ ከኢንተርኔት አውርዶ እንዲያወጣው ግድ ሆነ። ይህ ነው የጀማሪው መከራ ሥር፤ ወደ መረቡ የሚያስገባው ነገር የሚገኘው ከመረቡ ውስጥ ነው። ኬላው የሚጠይቀው ይለፍ ከኬላው ወዲያ ማዶ ይሰጣል እንደ ማለት ነው።

5ኛ፤ ጀማሪው በይፋግ

አሁን ወደ ቦታችን እንመለስ። ከይፋግ ወይም ከወረታ የመጣ፣ ለምሳሌ በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቷል እንበል። ዊንዶውሱን በዋጋው ለመግዛት አቅም የለውም፤ የተሰረቀውን ቅጂ መጫንም አይፈልግም፤ ወይም ጭኖት በቫይረስ ተማሯል። ሊኑክስን ከጓደኛው በፍላሽ ተቀብሎ ጫነ። ሁሉ መልካም ሆነ፤ ዋይፋዩ ግን የለም። በክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በቤቱም የኢንተርኔት መሥመር አልተዘረጋም። ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ካርዱ በእውነት መኖሩንና መከፈቱን ይመርምር። ብዙ ላፕቶፕ በጎኑ ወይም ከቁልፎቹ ረድፍ ዋይፋይ የሚዘጋበት ማብሪያ አለው። አርኤፍኪል የሚባለው ትእዛዝ ሁለት ዐይነት መዘጋት ለይቶ ያሳያል። አንደኛው በፕሮግራም የተዘጋ ሲሆን በትእዛዝ ይከፈታል፤ ሁለተኛው በማብሪያው የተዘጋ ሲሆን በእጅ ካልሆነ በቀር አይከፈትም። ይህን ሳያዩ ሥርዓቱን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ገና መጫን የጀማሪዎች ሁሉ ልማድ ነው፤ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የካርዱን ማንነት ይወቅ። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ሆድ ያሉትን፣ ኤልኤስዩኤስቢ የተባለው በዩኤስቢ የተሰኩትን ካርዶች ይዘረዝራል። እዚህ ላይ የይፋግን ነጋዴ ማስታወስ ይገባል። በሳጥኑ ላይ የታተመው ስም ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው በውስጡ ያለው ቺፕ መለያ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ቲፒሊንክ ቲኤል ደብልዩኤን 722ኤን የሚባለው የዩኤስቢ ካርድ የመጀመሪያው እትም የአተሮስን ቺፕ የያዘ ሲሆን በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ፈርምዌሩም እንኳ ግልጽ ነው። በዚያው ስም የወጣው ሁለተኛ እትም ግን የሪያልቴክን ቺፕ ይዞ ስለ መጣ ድራይቨሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስሙ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ፣ ልቡ ግን ሁለት ነው። ዕንቍውን የማይቈጥር ገዢ የሚታለለው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱ ራሱ ምን እንደሚል ያንብብ። ሊኑክስ የሆነውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል፤ ዲሜሴጅ የሚባለው ትእዛዝ ያንን መዝገብ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ የጐደለው የፈርምዌር ፋይል በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ጀማሪ ሰው ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል፤ መልሱ ግን ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ የጐደለውን ያምጣ። ኢንተርኔት ከሌለው ቤት ይህ እንዴት ይሆናል? በእጁ ያለው ስልክ መንገድ ይከፍትለታል። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ዳታውን በዩኤስቢ እንዲያካፍል ቢያዘው፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለ ገመድ መሥመር ይቀበለዋል፤ የዋይፋይ ድራይቨር አያስፈልገውም። በዚያ መንገድ የጐደለውን ፋይል ያወርዳል። ይህም ካልሆነ ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ያመጣል።

አምስተኛ፣ ካርዱ ሠርቶ አንዱን የዋይፋይ ጣቢያ ብቻ ባያይ የአገር መለያውን ይመልከት። ካርዶች በሌላ አገር ሕግ ተሠርተው ሲመጡ 12ኛውንና 13ኛውን መሥመር ላይጠቀሙ ይችላሉ። በሊኑክስ የአገሮች መዝገብ ውስጥ ኢትዮጵያ ኢቲ በሚሉት ሁለት ፊደላት ተመዝግባለች፤ መለያው ሲስተካከል የተሰወረው ጣቢያ ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ በእነዚህ አምስት ሥራዎች ውስጥ ከስልኩ ዳታ በቀር ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠየቀው ማንበብ ነው። ይሁንና አራተኛው ሥራ የሚቻለው መረብ ሲኖር ብቻ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ከኢንተርኔት አውርድ» የሚለው ምክር ለይፋግ ልጅ ምክር አይደለም። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ ዴቢያን የተባለው ከሊኑክስ ዐይነቶች ሁሉ በነጻነት ጠንካራ አቋሙ የታወቀው ቡድን አባሎቹ በሰጡት ድምፅ መሠረት የተዘጋውን ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ አብሮ ማውጣት ጀመረ። አንዳንዶች ይህን ከመርሕ ማፈግፈግ ነው ብለው ነቅፈውታል። የነቃፊዎቹ ሐሳብ ክብደት አለው፤ የማይነበብ ፕሮግራም በነጻ ሥርዓት ውስጥ መቀመጡ እንከን ነው። እኛ ግን ከይፋግ ሆነን ስናየው ውሳኔውን እንደግፋለን። መረብ ሊቋረጥ በሚችልበት አገር መርሑን ጠብቆ ዲዳ ካርድ ከመስጠት፣ እንከኑን በግልጽ ተናግሮ የሚናገር ካርድ መስጠት ይሻላል። ነጻነት የሚጀምረው ከመነጋገር ነውና።

6ኛ፤ የቋንቋው ነገር

ስለ ቋንቋ ጥቂት ሳንል ማለፍ አይቻለንም። 802.11ቢ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1999 መስከረም ወር የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ 3ኛ እትም ውስጥ ገባ። ከዚያም በኋላ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሊኑክስን ገጽታ፣ በተለይ ግኖም የሚባለውን፣ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። ስለዚህ ሊኑክስ አማርኛ መናገር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ነገር ግን የተተረጐመው የመስኮቱ ቃል እንጂ የችግሩ መፍትሔ አልነበረም። ምናሌው በአማርኛ «ክፈት»፣ «ዝጋ» ይላል፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ ግን ተማሪው የሚያነበው መዝገብ እንግሊዝኛ ነው። በማስታወቂያ ቃላቱ ላይም ስምምነት የለም፤ አንዱ «ሽቦ አልባ»፣ አንዱ «ገመድ አልባ»፣ ሌላው «ዋይፋይ» ይላል። አባቶቻችን ግን ሳይሰበሰቡና ሳይከራከሩ «ነፋስ ስልክ» ብለው ነበር። እኛ ያንን ስም መልሱ አንልም፤ ሰፈር ሆኗልና። ድፍረቱን ግን መልሰን ብንይዘው ጥሩ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገር መደምደም እንችላለን።

በመጀመሪያ፣ የአቃቂው ጣቢያና የይፋጉ ላፕቶፕ ችግር በመጠን ቢለያዩም በዐይነት አንድ ናቸው። በሁለቱም ዕቃው ተገዝቷል፤ ምስጢሩ ግን በሠሪው እጅ ቀርቷል። የአቃቂው ዋጋ አገር የከፈለችው ነበር፤ የላፕቶፑን ዋጋ አንድ ተማሪ ብቻውን በክረምት ዕረፍቱ ይከፍለዋል።

ሁለተኛ፣ ምስጢሩ የተከፈተው በንጉሥ ትእዛዝ ወይም በኩባንያ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ሰነድ ተከልክለው ሰነዱን በገዛ ድካማቸው በጻፉ ሰዎች ጭምር ነው። ኩባንያዎቹም በራቸውን የከፈቱት በሩ ያለ እነርሱ ሊከፈት እንደሚችል ካዩ በኋላ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፣ ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከእኛ አገር የተቈጠሩት በፊደልና በትርጉም በኩል ናቸው፤ በድራይቨር በኩል ያለው ወንበር ገና ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ወንበር የሚያዝበት መንገድ ሩቅ አይደለም። ሊኑክስ የሚጠይቀው የምስክር ወረቀት አይደለም፤ የተመረመረና የታረመ ጽሑፍ ነው። ካርዱ አልሠራ ያለው ተማሪ መዝገቡን አንብቦ፣ የቺፑን ቁጥር ለይቶ፣ የሆነውን በጥንቃቄ ጽፎ ለድራይቨሩ ጠባቂዎች ቢልክ የሥራውን የመጀመሪያ ደረጃ ረግጧል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን አንድ የሥራ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዩኒቨርሲቲያችን ያሉ የሊኑክስ ተጠቃሚ ተማሪዎች በአገራችን ገበያ የሚሸጡትን የዋይፋይ ካርዶች በስማቸው ሳይሆን በቺፓቸው ቁጥር ይመዝግቡ፤ የትኛው ያለ ድካም እንደሚሠራ፣ የትኛው ምን ፋይል እንደሚፈልግ በአማርኛ ይጻፉ፤ ጽሑፉንና ፋይሎቹን በፍላሽ አባዝተው ለዕረፍት ወደየአገሩ ለሚሄደው ሁሉ ይስጡ። ፍላሹ ከወረታ ወደ ይፋግ፣ ከይፋግ ወደ አዲስ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። መረብ ቢኖርም ባይኖርም ይደርሳል፤ የሲራራው ነጋዴ ወሬ በዚያው መንገድ ይደርስ ነበርና።